ታይምላይኑን የነፈገኝ የቪዲዮ ማቀናበሪያ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁትን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ለወራት ከሠራሁበት በኋላ ስገመግመው፣ የምናገረው በአብዛኛው ስለ አንድ ጉድለት ነው፤ ስለ መስኮቶቹ አቀማመጥ። አቆራረጡ አስተማማኝ ነው፣ የቀለም ማስተካከያው ጥሩ ነው፣ ያለቀውን ቪዲዮ ፋይል አድርጎ ሲያወጣም (ኤክስፖርት ሲያደርግም) በእኔ ላፕቶፕ ላይ ከሞከርኳቸው ሁሉ ይፈጥናል። ይህን ማንም ሻጭ ይነግራችኋል። ሻጩ የማይነግራችሁ ግን፣ ቀኑን ሙሉ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ታይምላይን፣ ማለትም ምስልና ድምፅ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበት ሰሌዳ፣ በስክሪኑ ግርጌ ተጣብቦ እንደሚቀርና እሱን ማስፋት በእናንተ ሥልጣን ሥር አለመሆኑን ነው። የሶፍትዌሩን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ አቀማመጥ የያዘው እሱ ብቻ አይደለምና።

የምሠራው በብዛት የሠርግ ቪዲዮ ነው። ከሠርግ ሥራ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ደግሞ የምርቃቱ ክፍል ነው። ሽማግሌው ቆመው ሲመርቁ ድምፃቸው ኮታቸው ላይ በተሰካችው ትንሽ ማይክ ጥርት ብሎ ይገባል፤ ታዳሚው በአንድነት «አሜን» የሚለው ግን ደህና ሆኖ የሚሰማው ከመድረኩ ራቅ ብላ በቆመችው ካሜራ ማይክ ላይ ነው። በዚህ ላይ ከአዳራሹ ሚክሰር የተቀዳው ድምፅ፣ የሁለተኛዋ ካሜራ ድምፅና ከሥር የሚገባው ሙዚቃ አለ። ምርቃቱ በቪዲዮው ላይ አዳራሹ ውስጥ እንደተሰማው ሆኖ እንዲሰማ፣ በእያንዳንዱ «አሜን» ላይ አንዱን ድምፅ ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህን በትክክል ለመሥራት ደግሞ የሁሉም ድምፆች ሞገድ (የድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያሳየው ሥዕል) እና የሁለቱ ካሜራዎች ምስል በአንድ ጊዜ ከፊቴ መታየት አለባቸው።

በዚህ ሶፍትዌር አይታዩም። ሁለቱ የምስል ትራኮች (በታይምላይኑ ላይ ያሉት ረድፎች) ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለድምፅ የሚተርፈው የሁለት ትራክ ቦታ ብቻ ነው፤ «አሜን» ያለበት ትራክ ከስክሪኑ በታች ይቀራል። እሱን ለማየት ወደ ታች ሳወርድ ምስሎቹ ወደ ላይ ይጠፋሉ፤ ምስሉን ለማየት ስመለስ ድምፁ ይጠፋል። የትራኮቹን ቁመት መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሞገዱ ቀጭን መስመር ይሆንና ሽማግሌው የት ላይ ትንፋሽ እንደወሰዱ መለየት አይቻልም። ታይምላይኑን ከላይ ካሉት ሁለት ማሳያዎች (አንዱ ጥሬውን ምስል፣ ሌላው የተቀናበረውን ከሚያሳዩት) የሚለየውን መስመር በማውስ ይዤ ወደ ላይ ስስበው ደግሞ ጥቂት ሄዶ ይቆማል። ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የወሰነው የሶፍትዌሩ ሠሪ ነው፤ በሴቲንጉ ውስጥም ይህን ገደብ የሚያነሳ ምርጫ የለም።

የቦታውን ጉዳይ በቁጥር ላስረዳ። የእኔ ላፕቶፕ ስክሪን 1920 በ1080 ፒክስል ነው፤ ይህ ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራበት መጠን ነው። ፊደል እንዲነበብ ዊንዶውስ ላይ ማጉያውን ወደ 150 በመቶ ከፍ ስናደርገው ግን ለሶፍትዌሩ የሚቀረው የሥራ ቦታ 1280 በ720 ብቻ ይሆናል። ከ720ው ላይ የላይኛው ሜኑ፣ ከሥሩ ያለው የቁልፎች ረድፍ፣ ከማሳያዎቹ በታች ያሉት የማጫወቻ ምልክቶችና በስክሪኑ ግርጌ ተዘርግቶ የማይነሳው ሌላ ረድፍ ይቀነሳሉ። ከዚያ የተረፈውን ከግማሽ በላይ ሁለቱ ማሳያዎች ይወስዱታል። ለታይምላይኑ የሚደርሰው የተረፈው ትርፍራፊ ነው።

ሁለት ማሳያ ጎን ለጎን የማስቀመጥ ልማድ የመጣው ከቴፕ ዘመን ነው። ያኔ አንዱ ማሽን ጥሬውን ያጫውት፣ ሌላው የተመረጠውን ይቀዳ ስለነበር ለእያንዳንዱ የራሱ ሞኒተር ያስፈልገው ነበር። በ1989 አቪድ የተባለው ኩባንያ በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ማቀናበሪያ ይዞ ሲመጣ ባለሙያው የለመደውን ቅርጽ በስክሪን ላይ አገኘው፤ ያኔ ይህ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ልማዱ ሕግ አይደለም። አፕል በ2011 ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስን ሲያወጣ በአንድ ማሳያ ብቻ አወጣው። በእርግጥ ያ እትም የብዙ ካሜራ ቅንብር ስለጎደለውና የድሮ ሥራዎችን ስለማይከፍት ባለሙያዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ በአንድ ማሳያ መሥራት እንደሚቻል ግን አሳይቷል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም በ2019 በወጣው 16ኛ እትሙ ለፈጣን ቅንብር የታሰበ ባለ አንድ ማሳያ ገጽ ጨምሯል። ሁለተኛው ማሳያ ሲያስፈልግ ይከፈት፣ ሳያስፈልግ ይዘጋ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ የማይቻለውን መጠየቅ አይደለም።

ሻጩ ይህን ቢሰማ የሚለውን አውቃለሁ። «ሁለተኛ ሞኒተር ይግዙ» ይለኛል። አለኝ። ሶፍትዌሩ ወደ ሁለተኛው ሞኒተር የሚልከው ሙሉ ምስሉን ወይም የክሊፖቹን ዝርዝር ብቻ ነው፤ ታይምላይኑ ከዋናው ስክሪን አይነቀልም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩ ወዲያው ይዘጋል፣ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል። የክሊፖቹን ዝርዝር ወደ ሞኒተሩ አውጥቼ ከነበረ ከእሱ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣም ወደነበረበት አይመለስም፤ ያለኝ ምርጫ አቀማመጡን ሶፍትዌሩ ሲገዛ ወደነበረው መልሶ የክሊፖቹን ዝርዝር፣ የትራኮቹን ቁመትና የድምፅ መለኪያውን እንደገና አንድ በአንድ ማስተካከል ነው። ያደረግሁትን አቀማመጥ በስም አስቀምጬ በአንድ ቁልፍ የምመልስበት መንገድ አልተሰጠኝም።

«ሾርትከት (የኪቦርድ አቋራጭ) ይጠቀሙ» ይል ይሆናል። ታይምላይኑን በሙሉ ስክሪን የሚከፍት ሾርትከት አለ፤ ሲከፈት ግን ምስሉ በሙሉ ይሰወራል፣ ምስል ሳያዩ ደግሞ ምስል አይቀናበርም። አዶቢ ፕሪሚየር ፕሮ በተባለው ማቀናበሪያ ላይ ማውሱ ያረፈበትን ፓነል (የመስኮቱን ክፍል) በአንድ ቁልፍ ማጉላትና በዚያው ቁልፍ መመለስ ይቻላል፤ ፓነሎቹም ተጎትተው በፈለጉበት ይቀመጣሉ፣ አቀማመጡም በስም ይቀመጣል። «ይለምዱታል» የሚለው ሦስተኛው መልስ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ወራት ሠርቼበታለሁ፤ እጄ ለምዶታል፣ የማይታየው ትራክ ግን በልማድ አይታይም። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ሙሉ ዘርግቶ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ያስፈልገዋል፤ ግማሹን ብቻ እየዘረጋህ ቁረጥ የሚለው ሰው የለም።

ከሠርጉ ሌላ ለድርጅቶች አጫጭር ዘጋቢ ቪዲዮዎችን እሠራለሁ፤ እዚያ የሚያስቸግረኝ የሰብታይትሉ ፓነል ነው። በቀኝ በኩል ጠባብ ሆኖ ተተክሏል፤ ስፋቱ አይጨምርም፣ የፊደሉም መጠን አይቀየርም። የእኛ ፊደል እንዲህ ያለውን መጠን አይችልም። «ቤቴ» እና «ቤቲ» የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል እግር ላይ ባለች ቀለበትና ጭረት ብቻ ነው፤ በዚያ ፓነል ላይ ሁለቱም አንድ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ከጻፍኩ በኋላ ምስሉ ላይ አጫውቼ ማረም አለብኝ። ፓነሉን ስቤ ማስፋት ብችል ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም አይኖርም ነበር። የሰው ስም ያለበትን ሰብታይትል በግምት ማለፍ አልችልም፤ ስሙ የተሳሳተበት ሰው ያዝናል፣ ማዘኑም ልክ ነው።

ለቲክቶክ የሚሆን ቋሚ ቪዲዮ ሲመጣም ነገሩ ያው ነው። ማሳያው 400 ፒክስል ቁመት ካለው፣ 9 በ16 የሆነው ምስል ከስፋቱ የሚጠቀመው 225 ብቻ ነው፤ ለአግድም ምስል የተዘጋጀው ቀሪው ቦታ ግራና ቀኙን ጥቁር ሆኖ ይውላል። ማሳያውን በስክሪኑ አንድ ጎን ከላይ እስከ ታች ማቆም ቢፈቀድ ምስሉም ይገዝፍ፣ ታይምላይኑም ይሰፋ ነበር።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ለደንበኛ አገልግሎታቸው ጽፌ ነበር። የመጣልኝ መልስ አቀማመጡ ለጀማሪዎች እንዲቀል ታስቦ የተወሰነ ነው የሚል ነው። ለጀማሪ ቀለል ያለ አቀማመጥ ተዘጋጅቶ መቅረቡን አልቃወምም፤ የምቃወመው ሥራውን የለመደው ሰው ከዚያ እንዳይወጣ መከልከሉን ነው። በነፃ የሚሰራጨው ኬደንላይቭ የተባለው ማቀናበሪያ እንኳ ፓነሎቹን እንደ ፍላጎት ለማዘዋወርና አቀማመጡን በስም ለማስቀመጥ ይፈቅዳል። በእኔ ማሽን ላይ ከገዛሁት ሶፍትዌር ዘገም ይላል፤ ቢሆንም የሰብታይትሉን ሥራ በሙሉ፣ የምርቃቱንም የድምፅ ቅንብር አሁን የምሠራው በእሱ ነው። የተከፈለበት ሶፍትዌር የቀለም ማስተካከያና የኤክስፖርት መሣሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ ለዚህ ብቻ ከሆነ ደግሞ የከፈልኩት ገንዘብ ያሳዝነኛል።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በሙከራው ጊዜ ሻጩ የሚያሳያችሁን የተዘጋጀ ናሙና ትታችሁ ትራኩ የበዛውን የራሳችሁን ሥራ ክፈቱበት፤ የስክሪኑን ማጉያ 150 በመቶ አድርጉት፣ መስመሩን ወደ ላይ ሳቡት፣ ሁለተኛውን ሞኒተር ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፣ አንድ የአማርኛ ሰብታይትልም ጻፉበት። ለእኔ አዲሱን እትም በቅናሽ እንድገዛ የሚጋብዝ መልእክት ደርሶኛል። የአዳዲስ ነገሮቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ ስለ መስኮቶቹ አንድም መስመር የለበትም፤ አልገዛውም።