«ተከፍሏል» የሚል ማኅተም ያለበት የሆቴል ወረቀት አምናችሁ አትብረሩ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ለንግድ፣ ለሕክምና ወይም ለጉብኝት ከአገር ለመውጣት የምትዘጋጁ ወገኖቼ፣ ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ከተማችን ውስጥ አንዳንድ የጉዞ ቢሮዎች «የኢንተርናሽናል ሆቴል ፓኬጅ» እያሉ የሚሸጡት ነገር አለ። ዱባይ፣ ባንኮክ፣ ጓንዡ፣ ኢስታንቡል ያሉ ስማቸው የታወቀ ሆቴሎችን በቅናሽ፣ ሙሉውን ከፍለን እንይዝላችኋለን ይላሉ። እናንተ በብር ትከፍላላችሁ፤ እነሱ ማኅተም የተመታበት ወረቀትና የሚያብለጨልጭ የአባልነት ካርድ ይሰጧችኋል። ካርዱ ማንም ሰው በነፃ የሚያገኘው ነው። ወረቀቱ ላይ ተከፍሏል የተባለው ገንዘብ ደግሞ እኔ ባየኋቸው ወረቀቶች ሁሉ ሆቴሉ እጅ አልገባም።

ዱባይ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ሠርቼ ስለተመለስኩ የሠፈር ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው «እስቲ አንብቢልኝ» ብሎ ያመጣልኛል። የምጽፈው በእጄ ይዤ ያነበብኩትን ነው።

ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ሁለት ጎረቤቶቼ የደረሰባቸውን ልንገራችሁ። የእነሱንም የቢሮውንም ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩ በአቤቱታ ላይ ነው። ሁለቱ አብረው ዱባይ ሄደው ዕቃ ሊያመጡ ተስማሙ፤ ወጪ ለመቀነስም ሁለት አልጋ ባለው አንድ ክፍል ሊያድሩ አሰቡ። ቢሮው ውስጥ ያለው ልጅ ለታላቅየዋ «እትዬ፣ ስለ ማደሪያ አያስቡ፤ ሁሉም ተከፍሏል፤ እዚያ ሲደርሱ ፓስፖርትዎን ማሳየት ብቻ ነው» አላቸው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ በረሩ። ሆቴሉ በር ላይ ሲደርሱ ገና ሌሊት ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ስማቸውን ኮምፒውተር ላይ አገኘችው፤ ክፍሉም ተይዟል። የተከፈለ ግን አንድም ድርሃም የለም። የቆይታቸውን ሙሉ ዋጋ፣ በዚያ ላይ የቱሪዝም ክፍያና መያዣ ገንዘብ ጠየቀቻቸው። ደሴ ቢደውሉ ስልኩ አይነሳም። በማያውቁት አገር፣ በዚያ ሌሊት፣ ሻንጣ እየጎተቱ ወዴት ይሄዳሉ? ለዕቃ መግዣ ከያዙት ዶላር ላይ አንስተው ከፈሉ።

ሲመለሱ ቢሮው «ሆቴሉ ነው ያጭበረበራችሁ» አላቸው። ወረቀቱን አምጥተው ሳነበው እውነቱ ከግርጌው በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል፤ ክፍያው እንግዳው ሲደርስ ሆቴሉ ውስጥ እንደሚፈጸም ይናገራል። የቢሮው ማኅተም ደግሞ ያችኑ መስመር ሸፍኖ አርፏል። ማኅተሙ የሚመሰክረው ቢሮው ገንዘብ መቀበሉን እንጂ ሆቴሉ መቀበሉን አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ሆቴል የሚያከራየው ክፍል ነው፤ ዋጋውም የሚተመነው በክፍልና በሌሊት ነው። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ሒሳቡ እጥፍ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ያው ነው፣ ቢጨምርም ትንሽ ነው። ቢሮው ግን «በነፍስ ወከፍ» ብሎ ከእያንዳንዳቸው የክፍሉን ሙሉ ዋጋ ተቀብሏል። ዱባይ ላይ የከፈሉት ሲጨመርበት ያንን አንድ ክፍል ሦስት ጊዜ ከፍለውበታል ማለት ነው። ጨርቅ በሜትር ሸጠው፣ እቁብ ጥለው ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእናቶቻችን ላይ ሲሠራ ዝም ማለት አልችልም።

አሠራሩን ካወቃችሁት ግን ማታለሉን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። ሆቴል በኢንተርኔት ሲያዝ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ዋጋ ይቀርባል። አንዱ እዚያው ተከፍሎ የሚያልቅ፣ ረከስ ያለ፣ ብትቀሩ ግን የማይመለስ ነው። ሁለተኛው ክፍሉን አስይዛችሁ ስትደርሱ የምትከፍሉበት ሲሆን እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ያለ ቅጣት ይሰረዛል። ሁለተኛውን ለማስያዝ ብዙ ጊዜ የካርድ ቁጥር ማስገባት ብቻ ይበቃል፤ ገንዘብ አይቆረጥም። ቢሮዎቹ የሚሠሩት ይህንን ነው። ከእናንተ ሙሉ ዋጋ ይቀበላሉ፣ ለሆቴሉ ምንም አይከፍሉም፣ ከኮምፒውተሩ የወጣውን ወረቀት አትመው ማኅተም ይመቱበታል። ወረቀቱ ሐሰተኛ ስላልሆነ ስትመረምሩት ስማችሁም፣ ቀኑም፣ የሆቴሉ ስምም ትክክል ሆኖ ታገኙታላችሁ። የጎደለው ገንዘቡ ብቻ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ቪዛ ስትጠይቁ የማደሪያ ማስረጃ ማቅረብ ግድ በሚሆንባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በሸንገን (በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ) አገሮች፣ ክፍሉን ለማመልከቻው ያህል ይይዙና ቪዛው ከተመታ በኋላ ይሰርዙታል። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ነው፤ መሰረዙን ግን አይነግራችሁም። እዚያ ስትደርሱ ስማችሁም አይገኝም።

ስለ ካርዱ ብዙ አልልም፤ ትልልቅ የሆቴል ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት አባልነት ነው። የሂልተን ኦነርስ፣ የማሪዮት ቦንቮይ፣ የአይ ኤች ጂ ዋን ሪዋርድስ፣ የአኮር «ኦል»፣ የዊንደም ሪዋርድስ አባል ለመሆን ስልካችሁ ላይ ስማችሁንና ኢሜይላችሁን ትሞላላችሁ፤ ክፍያ የለውም። አንዳንዶቹ በገንዘብ የሚሸጡት ተጨማሪ ካርድ ቢኖራቸውም የሚሸጡት ራሳቸው ናቸው። ደግሞም የአባልነት ቅናሹ የሚሠራው በራሳቸው መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ስታስይዙ ነው። በሌላ ሻጭ በኩል የተያዘ ክፍል ላይ ቅናሹም አይሰጥም፣ ለአባላት የሚጠራቀመው ነጥብም በአብዛኛው አይመዘገብም። ስለዚህ በደላላ በኩል ለያዛችሁት ክፍል የአባልነት ካርድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን ደግሞ ሐቀኛ ሻጭም ቢሆን ሳይነግራችሁ ሊያልፍ ስለሚችለው ወጪ ልንገራችሁ። ዱባይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ከ2014 ጀምሮ «ቱሪዝም ድርሃም» የሚባል ክፍያ አለ፤ እንደ ሆቴሉ ደረጃ በአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም ይደርሳል፣ የሚከፈለውም እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ነው። 5 በመቶ ቫት፣ የማዘጋጃ ቤት ክፍያና የአገልግሎት ክፍያም አሉ፤ የተነገራችሁ ዋጋ እነዚህን ያካትት እንደሆነ ጠይቁ። ማሌዥያ የውጭ አገር እንግዳ በክፍል በሌሊት 10 ሪንጊት ይከፍላል። ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ 2 በመቶ የማደሪያ ታክስ አላት። የጣሊያንና የፈረንሳይ ከተሞችም የየራሳቸውን ያስከፍላሉ። ከዚህ ሌላ ብዙ ሆቴሎች ስትገቡ መያዣ ይጠይቃሉ። ስትወጡ ይመለሳል፤ ነገር ግን በካርድ ከሆነ ተመልሶ እስኪታይ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ቦርሳችሁ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ካልያዛችሁ ሙሉውን የከፈላችሁ ብትሆኑም መቀበያው ላይ ትቆማላችሁ።

የብራንድ ሆቴል ሐሳቡ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ብቻቸውን ለሚሄዱ ሴቶች እኔ ራሴ እመክረዋለሁ። ስሙን ያወቃችሁት ሆቴል የትም ብትሄዱ ንጽሕናውና አልጋው ተቀራራቢ ነው፤ ሌሊት ስትደርሱም የሚከፍትላችሁ ሰው አለ። ደረጃቸውን ግን ለዩ። አይቢስ እ.ኤ.አ. በ1974 ቦርዶ ላይ የተጀመረ የአኮር ብራንድ ሲሆን ዛሬ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቀዩ አይቢስ፣ አረንጓዴው አይቢስ ስታይልስ፣ ሰማያዊው አይቢስ በጀት። በጀት የሚባለው ክፍሉ ጠባብ፣ አገልግሎቱም የተቆጠበ ነው። የቀዩን ዋጋ ተቀብሎ ሰማያዊውን የሚይዝላችሁ አለና የምልክቱን ቀለም ሳይቀር እዩ። ሆሊዴይ ኢን ኤክስፕረስ ቁርስ ከክፍሉ ጋር ይሰጣል፤ ተራው ሆሊዴይ ኢን ግን ሁልጊዜ አይሰጥም። ዱባይ ላይ ፕሪሚየር ኢንና እዚያው የተወለደው ሮቭ መካከለኛ ዋጋ አላቸው። ጓንዡ ለምትሄዱ ሃንቲንግና እዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ሰቨን ዴይስ ርካሽ ናቸው። ቻይና ውስጥ ሆቴሉ እንግዳውን በፓስፖርቱ ለፖሊስ ማስመዝገብ አለበት፤ በዚህ ምክንያት የውጭ ዜጋ አንቀበልም የሚሉ ትንንሽ ሆቴሎች ነበሩ። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2024 እንዲህ ማድረጉ እንዲቀር ቢያሳስብም፣ ከመሄዳችሁ በፊት በመልእክት «ኢትዮጵያዊ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይጎዳም።

ጊዜውም ዋጋውን ይወስነዋል። የካንቶን የንግድ ትርኢት በሚካሄድባቸው በሚያዝያና በጥቅምት ጓንዡ ላይ ርካሽ የሚባለው ሆቴል ሁሉ ይወደዳል። ዱባይ በአንጻሩ እኛ ክረምት በምንልበት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ስለሚበረታ የሆቴል ዋጋ ይወርዳል። «ዱባይ» ተብሎ አጠገቧ ያለችው ሌላ ከተማ ሻርጃ የሚያዝላችሁም አለ። ዋጋው በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዴራ ገበያ ለመድረስ ጠዋትና ማታ በመኪና መጨናነቅ የሚባክነው ጊዜና የታክሲ ሒሳብ ቅናሹን ይበላዋል።

እና ምን ታደርጋላችሁ? በመጀመሪያ የተባለውን ሆቴል በራሱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉና በምትሄዱበት ቀን ዋጋውን እዩ፤ የእንግሊዝኛ ችግር ካለባችሁ የልጅ ልጅም ሆነ የጎረቤት ተማሪ ያሳያችኋል። ከዚያ ቢሮው የማረጋገጫ ቁጥሩን፣ ኮንፈርሜሽን የሚሉትን፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ለሆቴሉ ራሱ ኢሜይል ጻፉ ወይም ደውሉ፤ ስልኩንና ኢሜይሉን ቢሮው ከሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ አትውሰዱ፣ ከሆቴሉ ድረ ገጽ ላይ አውጡት። በዚህ ቁጥር የተያዘ ክፍል አለ ወይ፣ ስንት ተከፍሏል፣ ስንደርስስ ስንት ይቀርብናል በሉ። መቀበያ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን መመለስ ሥራው ነው፤ እኔም በየቀኑ እመልስ ነበር። መልሱ በጽሑፍ ከመጣ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ባንኮቻችን ለመንገደኛ የሚሰጡት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ካላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ብታስይዙና በራሳችሁ ካርድ ብትከፍሉ ይሻላል፤ ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ዋጋ ከመረጣችሁ በኋላ የተሻለ ስታገኙ መለወጥ ትችላላችሁ።

ወረቀታችሁ ላይ «ፔይ አት ፕሮፐርቲ» ወይም «ፔይ አት ሆቴል» የሚል ከተጻፈ አልተከፈለም። «ፕሪፔይድ» ካለም ከሆቴሉ አረጋግጡ እንጂ በቃሉ ብቻ አትመኑ።

ሁሉም የጉዞ ቢሮ አታላይ ነው እያልኩ አይደለም። ክፍሉ ይህን ያህል ነው፣ የእኔ የአገልግሎት ዋጋ ይህን ያህል ነው ብሎ ለይቶ የሚነግር፣ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው ድካሙ ሊከፈለው ይገባል። ደረሰኝ ስትጠይቁት «እሱ ይቆያል» የሚላችሁን፣ ወይም በግል የባንክ ሒሳቡ አስገቡልኝ የሚላችሁን ግን ትታችሁ ውጡ።

ቀድሞ ለተጎዳችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ለከተማው የንግድ መምሪያ አቤቱታ ስታቀርቡ ማኅተም ያለበትን ወረቀት፣ ብር ያስገባችሁበትን የባንክ ደረሰኝ፣ ውጭ አገር ሆቴሉ የሰጣችሁን ሒሳብና ከቢሮው ጋር በቴሌግራም የተጻጻፋችሁትን አያይዙ። የሆቴሉን ሒሳብ ሻንጣ ውስጥ ጥላችሁ ከሆነ ፈልጉት፤ ጠፍቶ ከሆነም ለሆቴሉ ጽፋችሁ ቅጂ ጠይቁ፣ ይልኩላችኋል። ጎረቤቶቼ ዱባይ ላይ እንደገና መክፈላቸውን ያስረዱት በዚያች ሒሳብ ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛችሁ በረራችሁን የምትጠብቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለሆቴሉ ጻፉ። ያልተከፈለ ሆኖ ካገኛችሁት ከደሴ ሳትነሱ ቢሮው ሄዳችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ፤ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሽማግሌ ወይም ማንበብ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እንግሊዝኛው ያስቸገራችሁ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ የፓስፖርት ቁጥራችሁንና ስልካችሁን ሸፍናችሁ ይሁን። አንብቤ የተጻፈውን እነግራችኋለሁ፤ ክፍያ የለውም።