ፋይፎክስ፦ ስልክን የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሚያደርገው መተግበሪያ ከነጉድለቱ

ፋይፎክስ ጀርመን ውስጥ በአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የስልክ መተግበሪያ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድሮይድም ለአይፎንም በነፃ ይገኛል። ማስታወቂያ የለበትም፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ለልኬት ኢንተርኔት አይጠይቅም። የስልኩን ሴንሰሮች ንባብ በግራፍ ያሳያል። የቤተ ሙከራ ዕቃ ለሌለው ትምህርት ቤት፣ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል የእንቅስቃሴና የጉልበት ምዕራፍ፣ በነፃ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ምን እንደሚለካ ሳያውቅ የከፈተው ሰው ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ግራ ይጋባል።

ምክንያቱም ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ የተኛ ስልክ፣ "አክስለሬሽን ዊዝ ጂ" (የስበትን ድርሻ ሳይቀንስ አክስለሬሽንን፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥን፣ የሚያሳየው ክፍል) ሲከፈት፣ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ አካባቢ ያነባል። "ያልተንቀሳቀሰ ነገር ምን አክስለሬሽን አለው?" የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ልክ ነው። ሴንሰሩ የሚሰማው የመሬትን ስበት ሳይሆን ጠረጴዛው ስልኩን ወደ ላይ የሚገፋበትን ጉልበት ነው። ስልኩን ከ1 ሜትር ከፍታ ወፍራም ፍራሽ ላይ ልቀቁት፦ ለ0.45 ሰከንድ ያህል ንባቡ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የሚገፋው የለማ። እየተሽከረከረ ከወደቀ ግን ዜሮ ላይ አይደርስም። ስለዚህ በሁለት እጅ ዳርና ዳሩን ይዞ እኩል መልቀቅ ያስፈልጋል።

ሊፍት ውስጥ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ወደ ላይ ሲነሳ ቁጥሩ ከ9.8 ያልፋል፣ ፍጥነቱ ሲረጋ ተመልሶ 9.8 ይሆናል፣ ሊቆም ሲል ይቀንሳል። ዋናው መሀሉ ነው፤ በእኩል ፍጥነት የሚሄደውና የቆመው ለሴንሰሩ አንድ ናቸው። የኒውተንን የመጀመሪያ ሕግ አሥር ጊዜ ከማስጻፍ ይህን ግራፍ አንዴ ማሳየት ይበልጣል።

ከሁሉም የሚደነቀው "አኩስቲክ ስቶፕዎች" ነው። በመጀመሪያው ድምፅ ሰዓቱን ያስነሳል፣ በሁለተኛው ያቆማል። ማስመሪያ ከመደርደሪያ ጫፍ ወጣ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ብሎን አስቀምጡ፤ ከታች ወለሉ ላይ ቆርቆሮ ወይም ትሪ አንጥፉ። ማስመሪያው በጎን በኩል በእንጨት ቀጭ ሲደረግ ከብሎኑ ሥር ይወጣል፤ ብሎኑም ወርዶ ትሪውን ይመታል። ከ1.5 ሜትር ከፍታ 0.553 ሰከንድ አካባቢ መምጣት አለበት። በእጅ ስቶፕዎች ይህን መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የጣት መዘግየት ብቻ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይበላል።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው የክፍሉ ጫጫታ ነው። የድምፅ መነሻ መጠኑን፣ ማለትም ትሬሾልዱን፣ ከፍ ማድረግ፣ ዝቅተኛውንም ጊዜ 0.1 ሰከንድ ላይ ማድረግ አለባችሁ። አለበለዚያ የመጀመሪያው ድምፅ ገደል ማሚቶ ራሱ ሰዓቱን ያቆመዋል። ሁለተኛው የስልኩ ቦታ ነው። ስልኩ ትሪው አጠገብ ከሆነ የላይኛው ድምፅ 4 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ስለሚደርሰው ጊዜው ያጥራል፣ የምታሰሉት የስበት አክስለሬሽንም ወደ 1.6 በመቶ ያብጣል። በከፍታው እኩሌታ ላይ ብታስቀምጡት መዘግየቱ ይጣፋል።

ለኒውተን ሁለተኛ ሕግ ስልኩን ጋሪ ላይ አስራችሁ፣ በክርና በመዘውር 50 ግራም አንጠልጥላችሁ ልቀቁ። ጋሪው 400፣ ስልኩ 200 ግራም ከሆነ መልሱ 0.75 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። 0.82 ያወጣ ተማሪ የተንጠለጠለውን 50 ግራም ከጠቅላላው ላይ ሳይደምር ቀርቷል። ግራፉ ከ0.75 በታች ካሳየ ሰበቃ ነው፦ ጋሪው ያለ ክር ቀስ ተብሎ ሲገፋ በእኩል ፍጥነት እስኪሄድ ድረስ ጣውላውን በትንሹ አዘንብሉ። ለመጀመር ጣት ማስነካት ጋሪውን ስለሚያንቀጠቅጠው ልኬቱን በራሱ ጊዜ በሚያስጀምረው "ታይምድ ራን" ላይ 3 ሰከንድ መዘግየት ሙሉ። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጋሪውን የሚያቆም ነገር ካልተደረገ ሙከራውም ስልኩም አብረው ያልቃሉ።

የሰበቃ መጠንን መለካት ቀላል ነው። የዝንባሌ አንግል የሚለካውን "ኢንክላይኔሽን"ን ከፍታችሁ ስልኩ ያለበትን ጣውላ በዝግታ ማንሳት፣ ሊንሸራተት ሲል አንግሉን መያዝ፤ 20 ዲግሪ ከሆነ 0.36 ነው። የጎማ ሽፋን ካለው ውጤቱ የሽፋኑ እንጂ የስልኩ አይደለም።

ለፍጥነትና ለርቀት ግን አይሆንም። ንባቡን ወደ ኤክሴል አውጥቶ እየደመሩ ፍጥነት መፈለግ ብዙዎች የሚወድቁበት ወጥመድ ነው። ሴንሰሩ በ0.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ብቻ ቢዛባ በ10 ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱ በ1 ሜትር በሰከንድ፣ ርቀቱ በ5 ሜትር ይስታል፤ ስልኩ ከቦታው ሳይነቃነቅ! ለእነዚህ ሜትርና ስቶፕዎች ይሻላል።

ብዙ ተማሪ ላለበት ክፍል "ሪሞት አክሰስ" ጠቃሚ ነው፦ የስልኩን ሆትስፖት ከፍታችሁ ላፕቶፑን ካገናኛችሁ በኋላ ከታች የሚታየውን አድራሻ ብራውዘር ላይ ስትጽፉ ግራፉ ፕሮጀክተር ላይ ይወጣል።

ርካሽ ስልኮች ብዙ ጊዜ ጋይሮስኮፕ (መሽከርከርን የሚለካ ሴንሰር) ስለሌላቸው የስበትን ድርሻ ቀንሶ የሚያሳየው "አክስለሬሽን ዊዝአውት ጂ" ላይሠራ ይችላል። ያኔ "ዊዝ ጂ"ን ተጠቅሞ በጉዞው አቅጣጫ ያለውን ዘንግ ማንበብ፣ ጋሪው ከመለቀቁ በፊት የነበረውንም ቁጥር መቀነስ ነው። የትኞቹ ሴንሰሮች እንዳሉ "ዲቫይስ ኢንፎ" ስለሚዘረዝር ከክፍለ ጊዜው በፊት የተማሪዎቹን ስልኮች በዚያ ማጣራት ያስፈልጋል።