ጅማ መርካቶ ያለችው ትንሽ የላፕቶፕ ጥገና ቤት፦ ሊኑክስ ስጭን የጠቆረውን ስክሪን ሳይፈቱ የመለሱልኝ

ባለፈው ወር ዕቁብ ወጣልኝና ያጠራቀምኳትን ጨምሬበት በ78,000 ብር አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ 16 ጊጋ ራም፣ ሁለት ግራፊክስ (ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣው ክፍል) ያለው፣ አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ሌላው ለብቻው ያለ ኤንቪዲያ። ኪቶ ካምፓስ ነው የምማረው፣ የማስተርስ ጥናቴ ግልገል ጊቤ ተፋሰስ ላይ ስለሆነ የዝናብና የወንዝ ፍሰት ዳታ የማሰላበት ፕሮግራም ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም) ላይ ነው በደንብ የሚሄደው፣ አማካሪዬም ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫኚ ካለኝ ቆይቷል። ከክፍል ጓደኛዬ ኡቡንቱ 22.04 ያለበት ፍላሽ ተዋስኩና ማታ ዶርም ቁጭ ብዬ ጀመርኩ፣ የፍላሹ ማስጀመሪያ ሜኑ መጣ፣ የመጀመሪያውን መስመር መረጥኩ፣ አርማው ብልጭ አለና ከዛ ስክሪኑ ድርግም። ፋኑ ይሽከረከራል፣ የኪቦርዱ መብራት በርቷል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። አጥፍቼ አበራሁት፣ ፍላሹን በሌላኛው ቀዳዳ ሰካሁት፣ አራት አምስቴ ሞከርኩ ያው ነው። ፍላሹን ሳወጣው ዊንዶውስ በሰላም ይከፍታል።

በማግስቱ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት (የትኛው እንደሆነ አልጽፍም)፣ ልጁ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳያየው ኤንቪዲያው ተቃጥሏል ዊንዶውስ የሚከፍትልሽ በኢንቴሉ ነው፣ ይፈታና 6,500 ብር ትከፍያለሽ አለኝ። ገና ሳምንት ያልሞላው ላፕቶፕ! ከተፈታ ደግሞ ዋስትናው ይቀራል። የገዛሁበት ሱቅ ስደውል ሊኑክስ ከነካሽው እኛን አይመለከተንም ብለው ዘጉ። እውነት ለመናገር ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ፣ የሁለት ዓመት ዕቁብ ነው እኮ።

እንግዲህ ይሄን የምጽፈው ከዛ ስለሄድኩበት ሁለተኛ ጥገና ቤት ነው። መርካቶ ውስጥ ነው፣ ስም የለውም፣ በሩ ላይ ላፕቶፕና ፕሪንተር እንጠግናለን የሚል ወረቀት ብቻ ነው የተለጠፈው፣ ግራና ቀኙ ጨርቅ ቤት ነው፣ ውስጡ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ዝናብ ላይ ነው የሚቆመው። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሰው ሁሉ ኦቦ እያለ ነው የሚጠራው፣ ወንድሙ የሚመስል ወጣት ልጅ አብሮት አለ። ላፕቶፑን ሳቀብለው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ነበር። ነይ ቁጭ በይ እህቴ ምን እያደረግሽ እያለ ነው የጠቆረው ከመጀመሪያው ንገሪኝ አለኝ። ተቃጥሏል ተባልኩ ስለው ዊንዶውሱን ከፍቶ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ገባና ሁለቱም ግራፊክስ ተዘርዝረው አሳየኝ፣ አንድ ከበድ ያለ ቪዲዮም ከፍቶ ኤንቪዲያው ሲሰራ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይኔ አየሁት። የተቃጠለ ካርድ እንዲህ አይሰራም አለ፣ ሌላ ምንም አላለም ስለ ሌላው ቤት፣ እሱንም ወደድኩለት።

ከዛ ፍላሹን ሰክቶ ሜኑው ላይ ሲደርስ አቆመው። እዚህ ጋ ያለኝን ነገር መቼም አልረሳውም፣ ይሄን ሜኑ እያነበብሽው ነው አይደል? አለኝ፣ አዎ ስለው እንግዲያው ስክሪኑም ኬብሉም ደህና ነው፣ የሚጠቁረው ከዚህ በኋላ ነው አለ። ሜኑው እስኪመጣ ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣው ላፕቶፑ ራሱ ይዞት የመጣው ማስነሻ ፕሮግራም፣ ባዮስ የሚባለው ነው፣ አንዴ መስመሩን ከመረጥሽ ግን የሊኑክሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ግራፊክሱን ከባዮሱ ተረክቦ በራሱ ድራይቨር (ካርዱን በሚያሰራው ፕሮግራም) ሊያዘው ይሞክራል፣ ካርዱ አዲስ ድራይቨሩ አሮጌ ሲሆን ርክክቡ ላይ ይወድቃል። ውስጥ ለውስጥ ስራው ሊቀጥል ይችላል፣ አንቺ ግን አታይውም። የእኔ ፍላሽ ላይ የነበረው 22.04 እ.ኤ.አ. የ2022 ነው፣ ከርነሉ 5.15፣ ላፕቶፔ ደግሞ ከዛ በኋላ የወጣ ነው። ለኤንቪዲያ ካርዶች ሊኑክሱ ላይ በነባሪ የሚመጣው ኑቮ የሚባለው ድራይቨር ደግሞ መጀመሪያ የተሰራው ካርዱ እንዴት እንደሚሰራ ከውጭ እያጠኑ ስለሆነ አዲስ ካርድ ላይ ቶሎ አይደርስም። አስቡት አንድ ሰው እንዲህ ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳችሁ፣ ዩኒቨርሲቲም እንዲህ አልተማርኩም።

መፍትሄው እዛው ሜኑ ላይ ነበረ፣ ሁለተኛው መስመር፣ ኡቡንቱ ሴፍ ግራፊክስ ይላል። እሱን መረጠው፣ ስክሪኑ ተከፈተ፣ እኔ ደግሞ ጮህኩ። ይሄ መስመር የሚያደርገው ኖሞድሴት የሚባል አንድ ቃል ለከርነሉ መንገር ነው፣ ግራፊክሱን አትንካ ባዮሱ በሰጠህ ምስል ቀጥል ማለት ነው። ሜኑው ላይ ይሄ መስመር ከሌለ በእጅ ይጻፋል፦ መስመሩ ላይ ሆናችሁ ኢ የምትለዋን ፊደል ትጫናላችሁ፣ የሚመጣው ጽሁፍ ውስጥ ሊኑክስ ብሎ የሚጀምረውን መስመር ፈልጋችሁ ኳየት ስፕላሽ ከሚለው ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትታችሁ ኖሞድሴት ትጽፋላችሁ፣ ፊደሎቹ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ ናቸው፣ ሁሉም ትንንሽ ሆነው ሳይነጣጠሉ፣ ከዛ ኤፍ 10። ለአንድ ጊዜ ማስነሳት ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ምንም አያበላሽም።

22.04ን ግን አልጫነልኝም፣ የእሱ ሃርድ ዲስክ ላይ 24.04 ስለነበረ ፍላሼ ላይ ገልብጦ በእሱ እንጀምር አለ፣ 6 ጊጋ የሚጠጋ ነገር በሞባይል ዳታ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ተማሪ ያውቀዋል፣ ለዚህ አላስከፈለኝም። ከርነሉ 6.8 ነው፣ በአሮጌው ጭራሽ ያልታየው ዋይፋይ በዚህ ወዲያው መጣ። ተጭኖ አልቆ ሪስታርት ሲደረግ ግን ስክሪኑ እንደገና ጠቆረ፣ ልቤ ቀጥ አለ፣ እሱ ግን ይሄን ጠብቄው ነበር አለኝ፣ ፍላሹ ላይ የተነገረው ቃል ወደተጫነው ሲስተም አልተላለፈማ። ሲነሳ ኢስኬፕን አንዴ ብቻ ነካ አድርጎ ሜኑውን አመጣ (ከደጋገማችሁት ሜኑውን አልፎ ግሩብ የሚባለው የሜኑው ፕሮግራም ትዕዛዝ መጻፊያ ላይ ይጥላችኋል)፣ ያችኑ ቃል በእጁ ጻፈ፣ ገባን። ከዛ አዲሽናል ድራይቨርስ የሚለው ውስጥ ገብቶ ቴስትድ የሚል የተጻፈበትን የኤንቪዲያ ድራይቨር መርጦ ጫነ፣ ሪስታርት፣ ያለ ምንም ቃል በራሱ ተከፈተ። ይሄ የመጨረሻው እንዳይቀርባችሁ በጣም አደራ፣ በኖሞድሴት ብቻ ተደስተው የሚተዉት ሰዎች አሉ፣ ሲስተሙ ይዘገያል፣ የስክሪን ብርሃን መቀነሻው ብዙ ጊዜ አይሰራም፣ ሌላ ስክሪን ወይም ፕሮጀክተር ሲሰካም ያስቸግራል። ቃሉ መግቢያ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩትን። ሳይጀምር ባዮስ ውስጥ ገብቶ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን፣ ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን፣ አጠፋው፣ አልጠየቀኝም፣ እኔም ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ማታ ዶርም ሄጄ ዊንዶውሱን ስከፍት ሰማያዊ ስክሪን መጣና 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት) ቁልፍ አስገቢ አለኝ። ጥናቴ በሙሉ እዛ ውስጥ ነው፣ ያቺ ማታ ከመጀመሪያዋ ማታ ትብሳለች። ደግነቱ ላፕቶፑን ስከፍተው በማይክሮሶፍት አካውንቴ ስለገባሁ ቁልፉ አካውንቴ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ በስልኬ ገብቼ አሃዞቹን እየቆጠርኩ አስገባኋቸውና ተከፈተ። ባዮስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲቀየር ቢትሎከር ማሽኑን ሌላ ሰው የነካው ይመስለዋል። በነጋታው ሄጄ ስነግረው አልተከራከረኝም፣ ልክ ነሽ መጠየቅ ነበረብኝ ብሎ ሴኪዩር ቡቱን መልሶ አበራው፣ ኡቡንቱውም ያለ ችግር ተነሳ፣ ማለትም ከመጀመሪያውም ማጥፋት አያስፈልገውም ነበር። ስለዚህ እዛም ሄዳችሁ ሌላም ቦታ፣ ማንም ባዮሳችሁን ከመንካቱ በፊት ያቺን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ ፋይላችሁንም ሌላ ቦታ ገልብጡ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ድራይቨሩ ሲጫን ፓስወርድ ያስወጣችኋል፣ ሪስታርት ሲያደርግ በሚመጣው ስክሪን ላይ ኢንሮል ሞክ የሚለውን መርጣችሁ ያንን ፓስወርድ ማስገባት አለባችሁ፣ ቶሎ ካልነካችሁት ያልፍና ድራይቨሩ አይነሳም፣ ይሄንንም ያስጠነቀቀኝ እሱ ነው።

ሂሳብ 500 ብር። ሦስት ሰዓት ተኩል አብሬው ተቀምጫለሁ፣ መሃል ላይ መብራት ሄዶ በላፕቶፑ ባትሪ ነው የጨረስነው፣ ቡና ከጎረቤት አስመጥቶልኛል። ደረሰኝ የለውም፣ ለመስሪያ ቤት የሚያወራርድ ሰው ይሄን ይወቅ። ወረፋም አለ፣ ከሰዓት ከሄዳችሁ ተማሪ ይሞላዋል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፍት መድረስ ይሻላል፣ አርብ ደግሞ ለጁምዓ ስለሚዘጋ እስከ 8 ሰዓት ድረስ አትልፉ። ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቢያንስ 16 ጊጋ የሆነ ባዶ ፍላሽም፣ እሱ ጋ ያለው ፍላሽ አንድ ብቻ ነው፣ ለሁላችንም የሚዞረው እሱ ነው።