ቀይ ስር ወይስ የአርጂኒን ክኒን?

ባሕር ዳር ውስጥ ጂም የጀመረውም፣ ግፊት አለብህ የተባለውም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ያ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይጨምራል የሚሉት ክኒን ይገዛ ወይ?» ናይትሪክ ኦክሳይድ ሰውነት የሚሠራው፣ የደም ስርን የሚያሰፋ ጋዝ ነው፤ ክኒኑ ደግሞ አርጂኒን፣ ማለትም ከፕሮቲን መሥሪያዎች (አሚኖ አሲዶች) አንዱ ነው። እኔ ቀይ ስር ግዙ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ብሩን እናስላ። የአጎቴ ልጅ አንድ ብልቃጥ የአርጂኒን ክኒን በ3,200 ብር ገዛ። 60 ፍሬ፣ እያንዳንዱ 500 ሚሊግራም። በቀን ሦስት ውሰድ ይላል። 20 ቀን ነው፤ ለቀን 160 ብር! እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ሃርት አታክ ላጋጠማቸው ሰዎች የታሰበው መጠን ግን በቀን 9 ግራም ነበር። በዚያ ሒሳብ ብልቃጡ አራት ቀን አይሞላም። ያም ሆኖ ጥቅም አልታየበትም። አርጂኒን ከወሰዱት 6 ሰዎች ሲሞቱ ለማነጻጸሪያ የማስመሰያ መድኃኒት ከወሰዱት አንድም አልሞተም፤ አዲስ ታካሚ መቀበሉም ቆመ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የደም ስር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድን ከአርጂኒን የሚሠራ ኢንዛይም (ሥራ የሚያካሂድ ፕሮቲን) አለው። አርጂኒኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ ተርፏል። ኢንዛይሙን የሚቀሰቅሰው የደሙ ግፊያና በሴሉ ውስጥ የሚጨምር ካልሲየም ነው፤ ካቪዮሊን የተባለ ፕሮቲን ደግሞ አፍኖ ይይዘዋል። ከዋጣችሁት አርጂኒን ብዙውንም አንጀትና ጉበት ያፈርሱታል። በሐይቁ ዳር ብስክሌት ስትነዱ ግን የደሙ ፍሰት ራሱ ያሠራዋል፤ በነጻ።

ቀይ ስር በሌላ በር ይገባል። በውስጡ ያለውን ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገር ምላስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትራይት ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጡታል፣ ሰውነት ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ። ስለዚህ ጀርም ገዳይ የአፍ መጉመጥመጫ አታብዙ። እኔ ኪሎውን በ70 ብር ነው የምገዛው። ግማሽ ኪሎ 35 ብር፤ ቆስጣ ቢጨመርበት እንኳ ከክኒኑ አይደርስም። የተቀቀለበትን ውኃ አትድፉት፣ ከናይትሬቱ የተወሰነው እዚያ ይቀራል። ጁስ ቤት ከገባችሁ «ያለ ስኳር» በሉ። ሽንት ቢቀላ አትደንግጡ። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ግን ሐኪም ይጠይቅ።

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። የማብቂያ ቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል። በጥፍር ስንልጠው ከሥሩ ያለፈ ቀን ወጣ። የምርት ቁጥር የሚባል የለውም፣ የፊደል ስህተቱም ለጉድ ነው። ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ፤ 3,200 ብሩ ቀለጠ። ቀይ ስር ቢበላሽ ሲነኩት ይታወቃል፣ ክኒን ግን ዱቄት ቢሞላበት በምን ታውቁታላችሁ?

የግድ ክኒን ካልገዛሁ የሚል ካለ ሲትሩሊን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ይሻለዋል፤ ጉበትን አልፎ ኩላሊት ውስጥ አርጂኒን ይሆናል። ለልብ ናይትሮግሊሰሪን ወይም ቪያግራ የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳትነኩት። የግፊት መድኃኒታችሁንም ለቀይ ስር ብላችሁ አታቋርጡ፤ የሚቀንሰው ጥቂት ነው።