ድሬ ላይ ቤት ለቤት ዳታ የምትሰበስቡ ልጆች፣ አዴን ሳትይዙ እንዳትወጡ

ቤት ለቤት ስላዞሩኝ የሰፈሩ እናት፣ ስለ አዴ፣ ይሄን ሳልጽፍ ወደ ግቢ ብመለስ ነውር ነው።

ክረምቱን ድሬ ላይ የኮሚኒቲ ሄልዝ ኢንተርንሺፕ ነበረኝ፣ ስራው ቤት ለቤት እየዞሩ በርሜሉን ሮቶውን ጀሪካኑን እያዩ የትንኝ እጭ አለው የለውም ብሎ መመዝገብ ነው። በ2014 ድሬን ያመሳት ወባ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር፣ እሷ ደግሞ ረግረግ ምናምን ሳትፈልግ ቤት ባጠራቀምነው ውሃ ላይ ትፈለፈላለች፣ ስለዚህ የሰው ጓዳ ካልተገባ ጥናት የለም።

የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ገንደ ቆሬ ሄጄ ሶስት ቤት አንኳኳሁ፣ ሶስቱም ከውስጥ «ሰው የለም» አሉኝ (ታዲያ ማነው የሚያወራው?)። ለካ ባጄን በቀዳዳ አይተው ውሃ ልቆርጥ የመጣሁ መስሏቸው ነው።

በማግስቱ የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ከአዴ ጋር አገናኘችኝ። ኦሮምኛ በሉት ሶማልኛ በሉት አማርኛ፣ ሁሉንም ያንበለብሉታል፣ ድምጻቸው ገና ከመንገድ ሲሰማ በር ይከፈታል። መጀመሪያ ሻይ፣ ከዛ የልጆቹ ጤንነት፣ ከዛ ነው «ይቺ ልጄ ናት፣ በርሜልሽን አሳዪያት» የሚሉት። አልፈልግም ያለች እናት ካለች ደግሞ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ተነሽ እንሂድ ነው።

አንዴ በነጭ ሳህን ውሃ ቀድቼ የወባዋ እጭ ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ትተኛለች፣ የሌሎቹ ጭንቅላቷን ቁልቁል ትዘቀዘቃለች ብዬ አሳየኋቸው፣ በሁለተኛው ቀን ከኔ ቀድመው «ይሄ ተኝቷል፣ ያ ተዘቅዝቋል» እያሉ ባለቤቷን ጠርተው ያሳያሉ። አንዷማ «ዋላሂ ይሄን ነው የምንጠጣው?» ብላ እዛው ክዳን ፍለጋ ገባች።

እንከን? ቀርፋፋ ናቸው አቦ፣ በሻዩ ምክንያት በቀን አስራ ሁለት ቤት ያልኩት ሰባት ሆነ። ከምሳ በኋላ አይሰሩም፣ በበርጫ ሰዓት ድሬ ላይ ማን በር ይከፍታል፣ አርብ ደግሞ ጁምዓ አለ። ፕላናችሁን በዛ አስተካክሉት እንጂ እሳቸውን አታጣድፉ። ከኔ በፊት የመጡ አጥኚዎች «በኋላ ይከፈሎታል» ብለው የሶስት ቀን አበላቸውን በልተው ሄደዋል፣ ስለዚህ በየቀኑ እጃቸው ላይ ስጡ።

ስልካቸውን አስፈቅጄ ነው የምሰጠው፣ በኢንቦክስ የምትሰሩበትን ቀበሌና ስንት ቀን እንደሆነ ጻፉልኝ።

አዴ፣ የልጅ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ፣ ያ ነጭ ሳህን እርስዎ ጋ ቀርቷል፣ እንዳይመልሱልኝ።