ሁለቱ የኮሪያ ሜዳሊያዎች

ኮሪያ የዘመተ እንግሊዛዊ ደረቱ ላይ ሁለት ሜዳሊያ ጎን ለጎን ይታያል፤ አንዱ የአገሩ፣ ሌላው የተባበሩት መንግሥታት።

የእንግሊዙ ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ ነው። በአንድ ገጹ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት፣ በሌላው የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግናው ሄርኩለስ ባለ ብዙ ራሱን ዘንዶ ሲታገል ተቀርጾበታል። ጥብጣቡ ቢጫ ሆኖ ሁለት ሰማያዊ መስመር አለው። የተባበሩት መንግሥታቱ ነሐስ ነው፤ ጥብጣቡ ላይ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቁ 17 መስመር ይሞላሉ። ምስሉን ካየን ሄርኩለስ ይበልጣል፣ አያከራክርም።

ለእንግሊዙ የብስ ላይ አንድ ቀን ማገልገል ይበቃ ነበር። የእንግሊዙ ጠርዝ ላይ የባለቤቱ ስም ስለሚቀረጽ ከዓመታት በኋላ ገበያ ላይ ቢገኝ እንኳ የማን እንደነበር ይታወቃል። ለእንግሊዞች የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ግን ስም የለውም።

ያም ሆኖ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በዘማቾቹ አገሮች ቋንቋዎች ሲታተም አማርኛም አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የኮሪያ ወደብ ፑሳን የደረሰው የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ወታደር ሜዳሊያውን በገዛ ፊደሉ አንብቦታል።