ያረጀ የእንጨት ዕቃ ሲታደስ፦ ስቴይንና ቫርኒሽ ወይስ ቀለም?

ቫርኒሹ የተላጠ ቡፌ ወይም የትኩስ ስኒ ምልክት የቀረበት ጠረጴዛ ያለው ሰው ቀለም መሸጫ ሲገባ ስለ መልኩ ይጨነቃል፤ ነጭ ይሁን ቡናማ፣ ያብረቅርቅ ወይስ ይደብዝዝ። ከመልኩ በፊት ግን እንጨቱ መታወቅ አለበት። የመሳቢያውን ሥርና የዕቃውን ጀርባ ይመልከቱ፤ እዚያ ብዙውን ጊዜ አይቀባም። የእንጨቱ መስመር ከፊቱ ተነስቶ በጠርዙ ላይ ከቀጠለ ሙሉ እንጨት ነው። ጠርዙ የተደራረበ ስስ ንጣፍ ካሳየ ኮምፖርሳቶ ነው፤ የተጨመቀ ብናኝ ከመሰለ ደግሞ ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ነው።

ስቴይን እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ መልኩን የሚለውጥ ማቅለሚያ ነው፤ መስመሩን አይሸፍንም። ብቻውን ከውሃም ከጭረትም ስለማያድን ከላዩ ቫርኒሽ ይፈልጋል። ቀለም በተቃራኒው ላይ ላዩን ተቀምጦ ሁሉንም ይሸፍናል። ስለዚህ ኤምዲኤፍ፣ ቺፑድ፣ በስቱኮ ብዙ የተደፈነ ዕቃ ወይም ከተለያየ እንጨት የተገጣጠመ ቁምሳጥን ከሆነ ሳያመነቱ ቀለም ይግዙ። ስቴይን ስቱኮውን ከእንጨቱ ጋር አያመሳስለውም፤ ይልቁንም ያጋልጠዋል።

ዕቃው ዋንዛ ከሆነ ግን ቀለሙን ይተዉት ብዬ እለምናለሁ። ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከጥድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው ዛፍ ነው። ከወላጅ የተወረሰ የዋንዛ ቁምሳጥን ያለው ሰው ሌላ ጊዜ በቀላሉ የማያገኘውን ጣውላ ይዟል። ደግሞም ስቴይን የተቀባ ዕቃ ካልተወደደ ነገ በቀለም መሸፈን ይቻላል። ቀለም የተቀባን ዕቃ ወደ እንጨቱ መልክ መመለስ ግን የቀናት ድካም ነው፤ ቀለሙ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚቀር ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

ድካሙ አይመጣጠንም። ለስቴይን አሮጌው ቫርኒሽ እስከ ባዶ እንጨቱ ድረስ መነሳት አለበት። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ120 ይቀጥላል፣ በ180 ያበቃል፤ ሁልጊዜም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ነው የሚፋቀው። ከ180 በላይ በጣም ከለሰለሰ ስቴይኑ በደንብ አይሰርግም። ውሃ ጠብ አድርገው ጠብታው ሳይሰርግ ከቆየ ቫርኒሹ ገና አልወጣም ማለት ነው። ላዩ ስስ የእንጨት ልባስ የሆነውን ኮምፖርሳቶ ሲፍቁ ይጠንቀቁ፤ ልባሱ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ በቶሎ ያልቃል። ለቀለም በሳሙና አጥቦ በ120 ወይም በ150 ማሻከር፣ ከዚያም ፕሪመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን የመሠረት ቅብ፣ መቀባት ይበቃል። ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ስቴይን ማጥቆር እንጂ ማንጣት አይችልም፤ ጥቁር ቡናማ የነበረን ወንበር ፈካ ያለ አደርጋለሁ የሚል ሰው በስቴይን አይሳካለትም። እንደ ፈረንጅ ጥድ ባሉ ለስላሳ እንጨቶች ላይም ነጠብጣብ ስለሚሆን በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። ነጭ ቀለምም የራሱ ችግር አለው፤ ጠቆር ወይም ቀላ ካለ እንጨት የሚወጣ ቡናማ እድፍ በነጩ ቀለም ውስጥ አልፎ ይታያል። ደጋግሞ መቀባት አያጠፋውም፤ እድፍ የሚያግድ ፕሪመር ይጠይቁ።

ሻጮች ሥራውን ያሳጥራል ብለው የሚያቀርቡት ቀለም የተቀላቀለበት ቫርኒሽ አለ። እኔ አልመክረውም። መልኩ ላይ ላዩን ስለሚቀር በተጫረ ቁጥር ነጣ ያለ መስመር ይወጣል፤ ብሩሹ በተደራረበበት ቦታ ደግሞ ጠቆር ብሎ ይታያል። ስቴይንና ጥርት ያለ ቫርኒሽ ለየብቻ መግዛት ይሻላል። ትኩስ ነገር ለሚቀመጥበት ጠረጴዛ ፖሊዩሬቴን የተጻፈበትን ቫርኒሽ ይምረጡ፤ ሙቀትና ውሃ ይበልጥ ይችላል።

ቀለም ከመረጡ የዘይቱ ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ ይደርቃል፤ ነገር ግን ሽታው ከባድ ነው፣ በሁለት ቅብ መካከል አንድ ቀን ያስጠብቃል፣ ነጩም ብርሃን በማያገኝ ክፍል ውስጥ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በውሃ የሚበጠበጠው አክሪሊክ በሰዓታት ይደርቃል፣ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። ልጆች ላሉበት ጠባብ ቤት አክሪሊኩን እመርጣለሁ። ሁለቱም ሲነኩ ደርቀው ቢገኙም ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ሳምንታት ስለሚፈልጉ ከባድ ዕቃ ቶሎ አይጫንባቸው።

ስለ መጠኑ፣ አንድ ሊትር ለአንድ ቅብ በግምት 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለአንድ ቡፌ ጋሎን መግዛት ብክነት ነው።

ዕቃው ከዚህ ቀደም ቀለም የተቀባና አሮጌ ከሆነ በደረቁ አይፋቁት። ድሮ የተሠራ ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው በተለይ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ይጎዳል። ቀለሙን መፋቅ ካስፈለገ ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት እያራሱ፣ ልጆችን አርቀው፣ ጭንብል አድርገው ይሥሩ። የዘይት ስቴይን የጠረጉበትን ጨርቅም አጨማደው በቅርጫት አይጣሉ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ክምሩ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት፣ ከዚያ ይጣሉት።